ሰው የማይሞትበት እድር

ሞት ከቀረ ወዲህ የሰፈራችን እድር ድንኳን እንደተጠቀለለ የአይጥ ቤት ሆነ። እድሩ ከፈረሰ ማን ከማን ጋር ይቀመጣል እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ማኅበራትን ከዘመኑ ጋር የምታስማማ ሰናይት የምትባል አማካሪ መጥታ፣ "እማማ፣ ድንኳኑን ለደስታ ትከሉት" አለችን።

ለጋሽ መንበሩ መቶ ሃምሳኛ ልደት ተከልነው። ሴቶቹ ግን እጃቸው እንደለመደው ንፍሮ ቀቅለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ድንኳኑን ሲያዩ ሆዳቸው ባባ። የጋሽ መንበሩ ሚስት፣ እትዬ የሺመቤት፣ "ደጉ ባሌ፣ ብርድ ልብሱን ለእኔ ትቶ በብርድ የሚያድረው" ብለው ለቅሶውን ለቀቁት።

"ኧረ እኔ አልሞትኩም" አሉ ጋሽ መንበሩ።

"ዝም በል፣ አታቋርጠኝ።"

ጋሽ መንበሩ የዘገኑት ንፍሮ እጃቸው ላይ ቀረ። "ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ሞትክና?"

ድንኳኑ በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ። እኔም ገመዱ እንዳይበጠስ እየሰጋሁ ሳቅሁ። ሰናይት እንባዋን እየጠረገች፣ "በቃ፣ እድሩ ሥራ አገኘ" አለች።

በየወሩ ለአንድ ሰው በቁሙ ልናለቅስለት ተስማማን። የሚቀጥለው ተራ የእኔ ነው። ምራቴ ምን ብላ ታለቅስልኝ ይሆን? ከዛሬ ጀምሮ ስለ ወጧ ጨው ትንፍሽ አልልም።