የጉብታው ጠባቂ

ጥላዬ የጥንቱን መቃብር ጉብታ የሚጠብቀው እንደ ዓይኑ ብሌን ነው። ለአጥር ብሎ ከላዩ አንዲት ድንጋይ ያነሣ ጎረቤት ከእሱ ጋር ተቆራርጧል።

ሊቆፍሩ የመጡት የቅርስ ባለሙያዋ ይህን ሰምተው፣ "ጋሽ ጥላዬ፣ እንደ እርስዎ ያለ ጠባቂ አላየሁም" ቢሉት አቀረቀረ።

"በምሥራቅ በኩል ባትቆፍሩትስ?" አለ።

"ለምን?"

ጥላዬ ከጉብታው ጫፍ ሄዶ ተቀመጠ።

ረፋዱ ላይ በምሥራቅ በኩል ከድንጋዮቹ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ አፅም ወጣ።

"ይሄ የጥንት አይደለም" አሉ ባለሙያዋ። "የቅርብ ጊዜ ሕፃን ነው።"

በዚህ መሃል የጥላዬ ሚስት እታፈራሁ ምሳውን ይዛ ደረሰች። የበኩር ልጃቸው ክርስትና ሳይነሣ ነበር የሞተባቸው። ያኔ ጥላዬ አስከሬኑን አቅፎ ወጥቶ ሲመለስ፣ "ቄሱ ፈቀዱልኝ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ቀበርኩት" ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከጽዱ ሥር ጧፍ ታበራለች።

እታፈራሁ ጎንበስ ብላ ጨርቁን አየችው። ጥለቱን በጣቷ ዳሰሰችው። ራሷ የፈተለችው ነጠላ ነው።

ቀና ብላ ባሏን አየችው።

"ጥላዬ፣ ታዲያ እኔ እዚያ ለማን ነው ሳበራ የኖርኩት?"