ሰሌዳውን ማን ይያዝ

እህትየው የታናሽ ወንድሟን ሚስት ማመን ካቆመች ሰንብታለች።

ወንድሟ ሾፌር ነበር። በሽታው ሰውነቱን ሁሉ ቀምቶት አሁን የሚታዘዙት ዓይኖቹ ብቻ ናቸው። የሚተነፍሰውም አንገቱ ላይ በገባ ቱቦ፣ አልጋው አጠገብ ባለው መሣሪያ ነው። ማውራት ሲፈልግ ሚስቱ የፊደል ሰሌዳ ትይዝለታለች፤ መጀመሪያ የፈለገውን ረድፍ፣ ቀጥሎ ፊደሉን ስትነካ ዓይኑን ይጨፍናል።

በየወሩ ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ አንድ ነገር ይጠይቀዋል፤ መሣሪያው ይቀጥል ወይስ ይቁም? ምርጫው የራሱ የበሽተኛው ነው። ያን ሰዓት ሚስትየው «እትዬ፣ ሰው ሲበዛበት ይጨንቀዋል» ብላ በሩን ትዘጋለች። ሐኪሙ ከሰሌዳው ጀርባ ማዶ ተቀምጦ እሷ የምታነበውን ይጽፋል።

እህትየው ግን ቂል አይደለችም። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው ወንድሟ ነው። ባለፈው ሳምንት ሚስትየው ከሐኪሙ ነርስ ጋር በስልክ ስታንሾካሹክ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ነበር። «ቢጠፋ ስንት ደቂቃ ይቆያል? ይሠቃያል እንዴ?» ትላለች። በማግስቱ ደግሞ ደረቱ ላይ ተደፍታ «በናትህ፣ አንዴ እሺ በለኝ!» እያለች ስታለቅስ ደረሰችባት።

«ምኑን ነው እሺ የሚልሽ?»

«ምንም፣ እትዬ» አለችና ሰሌዳውን ብብቷ ሥር ወሸቀች።

ወይ ጉድ! ባሏን በቁሙ ልትቀብረው! እህትየው ሐኪሙን በር ላይ ጠብቃ ስትጠይቀው «እስካሁን ይቀጥል ነው የሚለው» ብሏታል። እምቢ እያላት ነው ማለት ነው። ግን እስከ መቼ ይችላታል?

ዛሬ ሐኪሙ የሚመጣበት ቀን ነው። እህትየው የቱቦ ማጽጃውን ካርቶን ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቀችና «አልቋል» ብላ ሚስትየውን ፋርማሲ ላከቻት።

«ዶክተር፣ ዛሬ ሰሌዳውን እርስዎ ይያዙልኝ» አለች። «እሷ ከሌለች የልቡን ይናገራል።»

ሐኪሙ ጠየቀና ጣቱን ቀስ እያለ በረድፎቹ ላይ አስኬደ። ሾፌሩ ጨፈነ፣ ገለጠ፣ ጨፈነ።

«ይ… ቁ… ም» አለ ሐኪሙ።

«አላልኩዎትም!» አለች እህትየው። «አሳመነችው! ገደለችብኝ!»

ሐኪሙ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እንዲህ በል ያለህ ሰው አለ?»

መልሱ ብዙ ደቂቃ ፈጀ። ሐኪሙ አንድ በአንድ ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱን አየት አደረገና፣ ወደ እህትየው ሳይዞር አነበበ።

«ማንም የለም። በየወሩ ይቁም እላለሁ። እሷ ይቀጥል ብላ ታነባለች።»