ሰላምታ የማይመልሰው ግጥም አንባቢ

«መጽሐፉን ይስጡኝ… አሁኑኑ።»

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጭምዴሳ ነው እንዲህ ያለው፤ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ድንገት ብቅ ብሎ።

የእንግሊዝኛው መምህር ዋቁማ የግጥም መድበሉን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ከዚያ መጽሐፉን ሰጠው።

በመስኮት ሆና የምታየው መምህርት ሳያት ግን ደስ አላት… አዎ፣ ደስ አላት። የት ተደብቆ እንደሚያነብ ለጭምዴሳ የጠቆመችው እሷው ናት።

ሳያት መቱ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ዋቁማን የጠላችው በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ነው።

ጠዋት በር ላይ «ጋሼ፣ አካም ቡልተን?» ብላ እንዴት እንዳደረ ትጠይቀዋለች…

እሱ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል።

በማግስቱም እንደዚያው። በሳምንቱም እንደዚያው።

መቱ ላይ ሰላምታ መንሳት ከስድብ ይከፋል። የልጁ፣ የከብቱ፣ የዝናቡ ደህንነት ሳይጠየቅ ማን ያልፋል?

እሱ ግን በቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራው ጀርባ ይሄድና፣ ሰንደቅ ዓላማ እስኪሰቀል ድረስ ግጥም ያነባል። ድምፁን አውጥቶ… ለብቻው… ዛሬ የአማርኛ፣ ነገ የአፋን ኦሮሞ፣ ከነገ ወዲያ የእንግሊዝኛ። አንድ ቀን እንኳ አይዘልም።

«ከእኛ ጋር ማውራት ተጠይፎ ከግድግዳ ጋር ያወራል» ትል ነበር ሳያት። ምላሷ መቼም አያርፍም።

ጭምዴሳ መጽሐፉን በብብቱ ሸጎጠና ትእዛዝ ጨመረ…

«ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የበር ተረኛ ነዎት። አርፋጅ ይመዝግቡ። ግጥሙን ጡረታ ሲወጡ ያነቡታል።»

በማግስቱ ዋቁማ በሩ ላይ ቆሞ አረፈደ። ከዚያ አሥረኛ ክፍል ገባ።

አፉን ከፈተ… ዘጋ…

ጠመኔ አነሣ። ሰሌዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ሞልቶ ወጣ።

በሁለተኛው ቀንም ጻፈ እንጂ አልተናገረም። በሦስተኛውም።

«አኩርፎ ነው» አለች ሳያት በሻይ ሰዓት። «ለአንድ መጽሐፍ ብሎ ስልሳ ተማሪ ይቀጣል? ትልቅ ሰው አይደለም እንዴ?»

ዓርብ ግምገማ ተጠራ። ርዕሰ መምህሩ ስልጠና ላይ ስለነበር መድረኩን የያዘው ጭምዴሳ ነው።

«መምህር ዋቁማ ማስተማር ካልፈለጉ ከክፍል ይውጡና መዝገብ ቤት ይቀመጡ» አለ። «መጀመሪያ ግን ግለ ሂስ ያድርጉ።»

ሃያ ሦስት ዓመት ያስተማረ ሰው ነው። ከክፍል መውጣት ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ፊቱን አይቶ ማወቅ ይቻል ነበር። ግን ማን ያየዋል?

ተነሣ።

«እ… እ… እኔ… እ…»

አንዱ ሳቀ። ሳያትም ተከትላ ሳቀች።

«የቋንቋ አስተማሪ ቋንቋ ጠፋው እንዴ?» አለ ጭምዴሳ።

ዋቁማ ዓይኑን ጨፈነ። በጣቱ ጠረጴዛውን ቀስ እያለ መታ መታ አደረገ… ምቱ ሲመጣለት፣ አንዴም ሳይደናቀፍ እንዲህ አለ…

«እንዴት አደርክ ሲሉኝ፣ በዝምታ ማለፌ፣
ልቤ ኮርቶ አይደለም፣ ታስሮብኝ ነው አፌ።
ግጥም ነበር ቁልፉ፣ ጠዋት የምከፍተው፣
አሁን ዝም አልክ አሉኝ፣ ቁልፌን ከእጄ ቀምተው።»

ሳቁ ተቋረጠ።

ያኔ ነው ለሳያት ሁሉም ነገር የገባት።

ሰውዬው ተብታባ ነው። ጠዋት ሲነሣ አንድ ቃል አይወጣለትም። ልክ ከትምህርት በፊት ድምፁን አውጥቶ ግማሽ ሰዓት ግጥም ሲያነብ፣ በግጥሙ ምት ምላሱ ይፍታታል፤ ያችን የተፍታታች ምላሱን ይዞ ክፍል ይገባል። ከዕድሜው እኩሌታ በላይ ይህን ደብቆ ኖሯል። ተብታባ ከሚባል ኩራተኛ መባልን መርጦ።

ሳያት ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ጭምዴሳ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ይኸው… ሲፈልጉ ይናገራሉ ማለት ነው። ግጥም የቻለ ሰው ወሬ ያቅተዋል? ከክፍል ይውጡ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ጭምዴሳ እስክሪብቶውን አውጥቶ ጠበቀ። የእያንዳንዱን መምህር ፊት በየተራ እያየ ጠበቀ።

አንድ እጅ ወጣ… ከዚያ ሦስት… ከዚያ ያ ሁሉ ሰው…

የሳያት ባል እዚያው ዞን ውስጥ፣ ቡሬ ነው የሚሠራው። ወደዚያ ለመዛወር ቅጽ ከሞላች ሁለት ወር አልፏታል። የሚፈርምላት ደግሞ ጭምዴሳ ነው።

እጇን አወጣች።

ከሠላሳ ስምንት መምህር ሠላሳ አንዱ ደገፈ። ጸደቀ።

ሰኞ ዕለት ሕሊናዋ አላስቀምጥ ሲላት ወደ መዝገብ ቤት ሄደች። ዋቁማ የተማሪዎች ፋይል መሐል ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው። «በልቤ ከእርስዎ ጋር ነበርኩ። እመኑኝ፣ አልቅሼልዎታለሁ።»

ዋቁማ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ እየታገለ፣ አንድ በአንድ…

«አ… አይቻለሁ ልጄ… ዕ… ዕንባሽን በግራ እጅሽ ነበር የ… የጠረግሽው… ቀ… ቀኙ ሥራ ይዞ ነበር።»

ፋይሉን ገልጦ ሥራውን ቀጠለ። ይቅር አላላትም። እኔም ብሆን አልላትም።

ጓደኞቼ… ጭምዴሳን መስደብ ቀላል ነው፤ ስደቡት፣ ይገባዋል። ግን ሰውዬውን ከክፍል ያስወጣው የጭምዴሳ አንድ እጅ አይደለም። ልባቸው የራራ፣ ዓይናቸው ያለቀሰ ሰዎች እጅ ነው። ስብሰባ ላይ ዕንባ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው እጅ ነው።

አሁን «እኔ ብሆን አላደርገውም» ብላችሁ ልትጽፉልኝ ነው አይደል? ተዉት።

ይልቅ ይህን መልሱልኝ… እያዘናችሁለት እጃችሁን ያወጣችሁበት ሰው ማነው?