ያልተለበጠችው የበሩ ጠርዝ

በሐዋሳ ብረት ሁሉ ጭረቱን በራሱ በሚደፍን ሽፋን መለበጥ ከጀመረ ወዲህ፣ የወይዘሮ አሰገደች የተጫረ ድስት አድሮ አዲስ ሆኖ ይገኛል። ዛሬ ተራው የበራቸው ነው።

«ልጄ፣ በእናትሽ ይህቺን ጠርዝ ተይልኝ» አሏት፣ በሩን ልትለብጥ የመጣችውን ጠይባን። የሟቹ ልጃቸው ቁመት ከነዕድሜው በሚስማር የተጫረው እዚያ ላይ ነው።

«እማማ፣ ካልተለበጠች ዝገት ይበላታል እኮ!»

«ዝገቱን እኔ ዘይት እየቀባሁ እጠብቀዋለሁ። የእናንተ ሽፋን ግን ባንድ ሌሊት ልጄን ያጠፋብኛል።»

ጠይባ ጠርዟን በሰም ሸፈነችና ሌላውን ለበጠች። ሰሙን ልጣ ስትሄድ ወይዘሮ አሰገደች የስምንት ዓመቷን የልጅ ልጃቸውን ረድኤትን ከበሩ አስጠጓት።

«ተረከዝሽን አታንሺ! ደግሞ እንዳትነቃነቂ!» እያሉ በሚስማሩ ጫር አደረጉ።

ረድኤት ዞራ አየችና ጮኸች፦ «እማማ፣ አባዬ ስምንት ዓመት ሲሞላው ከነበረው ቁመት እበልጣለሁ!»