ማብቂያ ቀን የሌለው ሥራ

በዚያ ዘመን ለሰው ሰዓት የሚፈቀድለት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ለገባ ሥራ ብቻ ነበር፤ ጥያቄውን የሚመረምረው የኮምፒውተር ማጣሪያ ደግሞ ማብቂያ ቀን የሌለውን ሥራ አያስገባም። ግንበኛው ጋሽ ዘርጋው ያስመዘገቡት አዲሱን ግድግዳ ውሃ የማጠጣት ሥራ ወዲያው አለፈ፤ ሰባት ቀን ነዋ። ሁለት ዓመት አልጋ ላይ የዋለችውን ሚስታቸውን አስካለን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ግን ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀ።

«ቀን ይሙሉበታ፣ ጋሼ» አለች የመርሐ ግብር ሠራተኛዋ ቤዛዊት።

«የምን ቀን?»

«የሚያበቃበትን።»

«እሷ እኮ ግድግዳ አይደለችም፣ ልጄ።»

«እኔ መች ነች አልኩ? ዝም ብለው አንዱን ቀን ይጻፉ፤ ሰዓቱን ያገኛሉ።»

«ቀኑ ሲደርስስ?»

ቤዛዊት አቀረቀረች። «ማጣሪያው አለቀ ወይ ብሎ ይጠይቅዎታል።»

ጋሽ ዘርጋው ምንም ሳይሞሉ ወጡ። ቤት ሲደርሱ ከምሳ ሰዓታቸው የቀረው ሃያ ደቂቃ ነው። አስካለ ጠዋት ባስተኟት ጎኗ ላይ ናት፤ ቁስሏ ከአንሶላው ጋር ተጣብቋል። በለብታ ውሃ እያራሱ ቀስ ብለው አላቀቁት።

«ፈቀዱልህ?» አለቻቸው።

«የሚያበቃበትን ቀን አምጣ አሉኝ።»



«ከፋሲካ በኋላ አድርገው» አለች። «ዶሮውን ሳልቀምስማ የትም አልሄድ።»