የተኳረፉ እግሮች

የሰፈሩ ሰው አሮጊቷን «እቴጌ» የሚላቸው በአረማመዳቸው ነው። አንዱን እግር አንሥተው ሌላውን እስኪያስከትሉ ጎረቤት ሰላምታውን ጨርሶ የከብቱንም የልጁንም ደኅንነት ተናግሮ ያበቃል። ሰው ይህን ኩራት ነው ይላል። እሳቸውም ክደው አያውቁም።

«የሚሮጥ ሌባ ነው» ይላሉ።

በዚያ ሳምንት ግን እቴጌን ያስጨነቃቸው የሌላ ሰው እግር ነበር። የልጃቸው ልጅ ድንቡሼ፣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ ጫማ አልሆንላት አለ። እግሯ ተረከዙ ጋ ጠባብ ነው፤ ወደ ፊት ሰፋ ይልና ጣቶቹ ወደ ውጭ ይዞራሉ። ሁለቱን አጋጥመው ሲያዩዋቸው ተኳርፈው ጀርባ የተሰጣጡ ሙዞች ይመስላሉ። ሐኪሙ ገልብጦ አያቸውና «ጤነኛ ናት፤ የሚመቻት ጫማ ብቻ ፈልጉላት» ብሎ ሸኛቸው።

ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። ምራታቸው ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። የሕፃናት ማቆያው ግቢ ኮረት የፈሰሰበት ስለሆነ ባዶ እግሩን የመጣ ልጅ አይቀበልም። እቴጌ ደግሞ ከድንቡሼ ጋር አይውሉም፤ ልጅቷ ባዶ እግሯን ስትሆን እንደ ጥንቸል ናት፣ እሳቸው ሕፃን አያባርሩም። ስለዚህ ጫማው ካልተገኘ የምራታቸው እናት መጥታ ልትጠብቃት ነው። የምታድረውም እቴጌ ክፍል ውስጥ ነው። ያቺ ሴት ስትተኛ ታንኮራፋለች፣ ስትነቃ ትመክራለች።

«ዘር ከልጓም ይስባል» አሉ እቴጌ እራት ላይ፣ እንደ ልማዳቸው ከጠረጴዛው ሥር ጫማቸውን አውልቀው። «በእኛ ወገን እንዲህ ያለ እግር ታይቶ አይታወቅም።»

ምራታቸው ነገሩን ለእናቷ አደረሰች። እናትየዋ ሳይውል ሳያድር የሁለት እግሯን ፎቶ በስልክ ላከች። እግሯ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው።

«በፎቶ የማይቀና እግር የለም» አሉ እቴጌ።

«የእርስዎንስ አንሥተን እንላክላት እማማ?»

«የእኔን እግር ባሌ እንኳ ያወቀው በጨለማ ነው» ብለው ካልሲያቸውን ወደ ላይ ሳቡ።

በየሱቁ ዞሩ። ጠንካራው ቆዳ ሲገባላት ድንቡሼ ጮኸች። ለስላሳው ሸራ ሲገባላት ጮኸች። አንዷ ሻጭ «በአንድ ቁጥር ከፍ እናድርግላት» አለችና ከፍ ሲደረግላት ጫማው እዚያው ቆሞ ቀረ፣ ልጅቷ ከውስጡ ወጥታ ሄደች። በመጨረሻ ድመት የተሳለበትን ወደደችው፤ ድመቷን እንጂ ጫማውን አይደለም። እሱን ገዙላት።

ቤት ወስደው ቢያዩ ሲያደርጉላት ታለቅሳለች፣ ሲያወልቁላት ታቅፈዋለች። ሰው ሲዘናጋላት ራሷ ለማድረግ ትታገላለች፤ ያም ቀኙን በግራ፣ ግራውን በቀኝ ነው። እቴጌ ቀምተው በትክክሉ ያደርጉላታል፤ እሷም ልቅሶዋን ትቀጥላለች።

«ግራና ቀኝ የማያውቅ ዘር» ይላሉ፣ ምራታቸው እንድትሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ቅዳሜ ወደ ጫማ ሰፊው ሄዱ። የእቴጌን ጫማ ዕድሜ ልኩን የሚጠግነው እሱ ነው። ሱቁ ጠባብ ነው፤ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ የሙጫ ሽታ፣ በአፉ ምስማር የያዘ ሰው።

«እቴጌ፣ ደግሞ በትንሿ ጣት በኩል ተቀደደ?»

«ቆዳህ ነው፤ የእኔ እግር ምን ያድርግህ። ዛሬስ የመጣሁት ለዚህች ነው።»

ጫማ ሰፊው የድንቡሼን እግር ሲያይ ምስማሮቹን ከአፉ አወጣ። «ይኼ እግር ከየት መጣ?»

«ከዚያ» አሉ እቴጌ፣ ምራታቸውን በአገጫቸው እያመለከቱ።

ባለ ድመቱን ጫማ አረጠበው፣ በእንጨት ወጠረው፣ መታው፣ አሸው። አደረጉላት። ጮኸች። ትንሿ ጣቷ ቲማቲም መስላ ነበር።

ምራታቸው ተስፋ ቆርጣ ስልኳን ይዛ ወጣች። ድምፅዋ ከበሩ ይሰማል። «እማ፣ በቃ ሻንጣሽን አዘጋጂ። አዎ፣ እሳቸው ክፍል። ለረጅም ጊዜ ነው፣ ፍራሽሽንም ይዘሽ ነይ።»

እቴጌ ጆሯቸውን ለበሩ ሰጥተው ደርቀው ቀሩ። ድንቡሼ መሬት ቁጭ ብላ ጫማዋን አወለቀች፣ ድመቷን ሳመች፣ እንደ ልማዷም አገላብጣ አደረገችው። በዚህ ጊዜ የሚያርማት አልተገኘም። ተነሣች። አንድ ሁለት ጊዜ ረገጥ ረገጥ አደረገች፣ እግሯን አየች፣ አላለቀሰችም። ከዚያ እግሬ አውጪኝ ብላ በሩን አልፋ ኮረታማው መንገድ ላይ ወጣች።

ጫማ ሰፊው አፉን ከፈተ። «እቴጌ፣ ግራና ቀኙ እኮ—»

«ምስማርህን ጉረስ» አሉት።

ከውጭ የድንቡሼ ሳቅ ይሰማል። ምራታቸው እያለከለከች አንገቷን በበሩ አስገባች። «እማማ፣ ምን አድርገውላት ነው?»

«ትዕግሥት ነው። ለእናትሽ ደውዪ፣ ሻንጣዋን ትፍታ።»

«እርስዎስ አይመጡም?»

«እናንተ ሂዱ። እኔ እንደ ሌባ አልሮጥም።»

እናትና ልጅ ከመንገዱ ማዶ ታጠፉ። እቴጌ አግዳሚው ላይ ቁጭ እንዳሉ ጫማ ሰፊውን ውሃ እንዲያመጣላቸው ወደ ጓዳ ላኩት። በሩን አዩ። መንገዱን አዩ።

ከዚያ ጎንበስ አሉና ጫማቸውን አውልቀው የቀኙን በግራ እግራቸው፣ የግራውን በቀኝ እግራቸው አጠለቁ።