የሉልሰገድ ጣት

ሰዓዳ ቆሻሻ አትወድም። አትወድም ማለት እንኳ ያንሳል፤ ይቀፋታል። ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ባለው ኬክ ቤቷ ባንኮኒው፣ መስታወቱ፣ የበሩ እጀታ፣ ሁሉም በእርጥብ ጨርቋ ስር ያልፋል። «ሁሌ በቀኝ ጀምሪ» ትላት ነበር እናቷ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ከቀኝ ወደ ግራ ትወለውላለች። ጨርቁ ከትከሻዋ አይወርድም።

እንዲህ ያለችው ሴት ላይ ነው እንግዲህ አላህ ሉልሰገድን የጣለባት። ጋጋሪዋ ነው። ለሙያው ወደር የለውም፤ ጣቱ ግን አቤት! ክሬም ይልሳል፣ በዚያው ጣት ጆሮውን ይጎረጉራል፣ በዚያው ጣት መጥቶ ባንኮኒው ላይ ያለውን ስክሪን ይነካል። «ኤጭ!» ትላለች ሰዓዳ።

ስክሪኑን ያስገባላት አርአያ የሚባል የአራት ኪሎ የኮምፒውተር ልጅ ነው። ውስጡ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው ረዳት አለ። በስልክ የሚመጣውን ትዕዛዝ ይቀበላል፤ ማድ ቤት ላለው ሌላ ስክሪን ያስተላልፋል።

«ረዳቱ የሚያውቀው እዚህ ላይ ያለውን ነው» ብሏት ነበር አርአያ። «አንቺ የነካሽውን እሱ ወዲያው ያየዋል፤ እሱ የጻፈውን አንቺ ታዪዋለሽ። አንድ ትሪ ላይ እንደምትበሉ ቁጠሪው። ለምን ብሎ አይጠይቅሽም።»

በየትዕዛዙ ጎን አንዲት ማንሸራተቻ አለች። ወደ ቀኝ ሲገፏት የጾም፣ ወደ ግራ ስትመለስ የፍስክ።

ጊዜው ሁዳዴ ነው። «ከንስሐ አባታችን ይልቅ ጾማችንን የምትጠብቅልን ሰዓዳ ናት» እያሉ ክርስቲያን ጎረቤቶቿ ይቀልዱባታል። ቅቤና እንቁላል ያልነካው ኬኳ ፒያሳን ያስከነዳል። ቀልዱ ለእሷ ክብሯ ነው።

የእናቷ ወዳጅ እትዬ ለተኪዳን ለማኅበራቸው ኬክ ሲያዙ ሰዓዳ ራሷ ማንሸራተቻዋን ወደ ጾም ገፋች። ሉልሰገድ ቀድሞ ነካክቶት ስለነበር ስክሪኑ በቅባት ወዝቷል። አፍንጫዋን ነፍታ ወለወለችው፤ ከዚያ ወደ መስታወቱ ዞረች።

ከማኅበሩ በማግስቱ እትዬ ለተኪዳን ተቆጥተው መጡ።

«ምነው ልጄ? ቅቤ አብልተሽ አስገደፍሽኝ! እኔስ ይሁን፤ ማኅበርተኛውን ሁሉ!»

«ወላሂ እትዬ፣ በገዛ እጄ ነው የጾም ያልኩት!» ሰዓዳ አመድ መሰለች። ሉልሰገድን ተጣራች።

«እኔ ምን ላድርግ? ማድ ቤት የመጣልኝ የፍስክ ነው» አለ። «ራሴ እየጾምኩ ሰው ላስገድፍ?»

«እየጾምክ ክሬም ትልሳለህ?»

«ልቅመሰው ብዬ እኮ ነው...» አለና አቀረቀረ።

አርአያ ተጠርቶ መጣና የረዳቱን የሥራ መዝገብ አየ። «ረዳቱ አልቀየረውም። ከዚሁ ከባንኮኒው፣ ሰው ነክቶ ነው።»

ባንኮኒው ጋ የሚቆሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። ስክሪኑ ላይ ደግሞ የቅቤ ጣት አሻራ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ትዕዛዙን ልይ ብዬ ነው የምነካው፤ ማንሸራተቻዋን አልደረስኩባትም» አለ ሉልሰገድ።

«ጣትህ እየመሰከረብህ? ውጣልኝ!»

«ልጆች አሉኝ እኮ ሰዓዳ።»

«እኔም ስም አለኝ!»

ሽርጡን ፈቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና በቸርችል ቁልቁል ወረደ። ሰዓዳ ሽርጡን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመረችው። እፎይ አለች።

እትዬ ለተኪዳን ስለ እናቷ ብለው አንድ ዕድል ሰጧት። «ማኅበሩን በሌላ የጾም ኬክ ካሺ። ዳግም ቅቤ ከቀመስኩ ግን ደጅሽን አልረግጥም፤ ሰፈሩም አይረግጥም።»

ሰዓዳ ኢትዮጵያ የምትባል ጋጋሪ ቀጠረች፤ እጇን ሳትታጠብ ዱቄት የማትነካ፣ ስክሪኑ ያላትን የምትሠራ፣ ማድ ቤቷን ትታ ባንኮኒ ጋ ድርሽ የማትል። የማኅበሩ ትዕዛዝ ሲመጣ ሰዓዳ ማንሸራተቻዋን ወደ ጾም ገፋች። ደግማ አየቻት። የጾም ነው። አልሐምዱሊላህ!

ልትሄድ ስትል ስክሪኑ ጠርዝ ላይ የደረቀ የቅቤ አሻራ አየች። የዚያ ሰውዬ!

«ኤጭ! ሄዶም አልለቀቀኝ!»

ጨርቋን ከትከሻዋ አወረደች። ፊቷን አዙራ፣ እንደ ልማዷ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ስክሪኑ እስኪያበራ ፈተገችው፤ ከዚያ ጨርቁን ልታጥብ ወደ ጓዳ ገባች።

ባንኮኒው ላይ ረዳቱ ጻፈ፦ «ለውጡ ደርሶኛል። የወይዘሮ ለተኪዳን ኬክ በቅቤ ይሠራል።»